ስጦታውና ቀሪው፤ ከነገሌ ቦረናና ከደቡብ ቆላ ከተሞች የሚነሣ ተማሪ ከውጭ አገር ኮሌጆች አንዱን ስለሚመርጥበት መንገድ

መግቢያ

ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከሞያሌ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ውጭ አገር ኮሌጆች የሚያመለክቱ ወጣቶች በየዓመቱ እናያለን። ማመልከቻው ዛሬ በኢንተርኔት የሚላክ ስለ ሆነ ለአምስትና ለስድስት ኮሌጅ መጻፍ ከባድ ነገር አይደለም። ከባዱ ነገር የሚመጣው በኋላ ነው፤ ይኸውም ሁለት ወይም ሦስት የተቀባይነት ደብዳቤ በአንድ ወቅት ሲደርስና ከእነርሱ አንዱን ብቻ መርጦ መልስ መስጠት ግድ ሲሆን ነው። ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ምርጫው ግን የሚነግር ጥቂት ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ወደዚህ ጥናት ያመጣን አንድ ያየነው ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከእኛ አንድ ክፍል ከፍ ብሎ ይማር የነበረ ጓደኛችን ከአሜሪካ ሁለት ደብዳቤ ደረሰው። አንደኛው ስሙ ከታወቀ ኮሌጅ የመጣ ሲሆን የስኮላርሺፑ ገንዘብ እጅግ ብዙ ነበር። ሁለተኛው በአገራችን ስሙን ማንም ከማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ሲሆን ስኮላርሺፑም ከፊተኛው ያነሰ ነበር። አባቱና የጎሣው ሽማግሎች በተሰበሰቡ ጊዜ እንግሊዝኛውን ወደ ኦሮምኛ መልሰን ያነበብንላቸው እኛ ነበርን። በደማቅ ቀለም የተጻፈውን የስጦታ ቍጥር አነበብን፤ ሽማግሎቹም መረቁ። ከታች በቀጭኑ የተጻፈውን፣ ቤተሰቡ በየዓመቱ የሚከፍለውን ቀሪ ሒሳብ ግን እንደ ተራ ነገር ቈጥረን አለፍነው።

ልጁም ብዙ ስጦታ ያለበትን መረጠ። በነሐሴ 2013 በሬዎች ተሸጠው የመጀመሪያው ክፍያ ተላከ። ከዚያ በኋላ የሐገያው ዝናም ስለ ቀረ በጥር 2014 ለሁለተኛው ክፍያ ከፊተኛው እጥፍ የሚሆን ከብት መሸጥ አስፈለገ። ለነሐሴ 2014 የሚሸጥ አልተገኘም። ኮሌጁ ዕዳ ያለበትን ተማሪ ስለማይመዘግብ ልጁ አንድ ዓመት ብቻ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። አባትየው በኋላ ሲያገኙን አልተቈጡንም፤ «ልጆቼ፣ ስጦታውን ነገራችሁን፤ ዕዳውን ግን አልነገራችሁንም» አሉን እንጂ። የትንሹን ኮሌጅ ደብዳቤ እንደ ገና አውጥተን ብንመለከተው፣ ቤተሰቡ እንዲከፍል የተጠየቀው ገንዘብ የታወቀው ኮሌጅ ከጠየቀው ሲሶ አይሞላም ነበር።

እንግዲህ የጽሑፋችን አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከብዙ ኮሌጅ አንዱን የሚመርጥ ተማሪ ማወዳደር ያለበት ስጦታን ከስጦታ ጋር ሳይሆን ቀሪን ከቀሪ ጋር ነው። ቀሪውንም መመዘን ያለበት ለአንድ ዓመት ሳይሆን እስከ ምረቃ ድረስ፣ በዶላር ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ገንዘብ በሚያገኝበት ወርና ገበያ ጭምር ነው።

፩ኛ፤ በደብዳቤው ውስጥ ያለው

ከአሜሪካ ኮሌጅ የሚመጣ የገንዘብ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ነው፤ በዚህም ውስጥ የትምህርቱ ዋጋ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ የጤና መድኅንና መጻሕፍት ይቈጠራሉ። የአውሮፕላን ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም አይገባም። ሁለተኛው ክፍል ኮሌጁ ይህን ወጪ ለማቃለል የሚሰጠው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ጐን ለጐን ተጽፈው ስለሚገኙ ነው። ስኮላርሺፕ ወይም የገንዘብ ርዳታ የማይመለስ ስጦታ ነው። ብድር ግን ከነወለዱ የሚመለስ ዕዳ ነው። ሥራ የተባለውም ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ እንጂ ከሒሳቡ አስቀድሞ የሚቀነስ ገንዘብ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ በተማሪ ቪዛ የገባ ወጣት ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በኮሌጁ ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከግቢው ውጭ መሥራት አይችልም። ስለዚህ «ሥራ እያገኘሁ እከፍላለሁ» የሚለው ተስፋ ለኪስ ወጪ ይሆን ይሆናል እንጂ ትልቅ ቀሪ አይሸፍንም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ኮሌጁ አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ከመስጠቱ በፊት ተማሪው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው በማስረጃ ማሳየት አለበት። ማስረጃው የሚጠየቀው ለአንድ ዓመት በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ያንን ካሳየ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ትምህርቱ ግን አራት ዓመት ነው።

፪ኛ፤ ቀሪው በአራት ዓመት ውስጥ

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ኮሌጅ ጠቅላላ ወጪው በዓመት 60,000 ዶላር ሆኖ 40,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ይሰጣል እንበል። ሌላው ኮሌጅ ጠቅላላ ወጪው 22,000 ዶላር ሆኖ 15,000 ዶላር ይሰጣል እንበል። በሽማግሎች ፊት 40,000 ከ15,000 ይበልጣል። በቤተሰቡ ኪስ ግን የመጀመሪያው 20,000፣ ሁለተኛው 7,000 ዶላር በየዓመቱ ይጠይቃል።

በዚህም አያበቃም። የኮሌጅ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ ስኮላርሺፑ ግን ብዙ ጊዜ በተጻፈበት ቍጥር ይቈያል። ዋጋው በየዓመቱ በ4 በመቶ ቢጨምር የመጀመሪያው ኮሌጅ ወጪ በአራተኛው ዓመት 67,492 ዶላር ይሆናል፤ ቀሪውም ከ20,000 ወደ 27,492 ያድጋል። የአራቱ ዓመት ቀሪ ሲደመር 80,000 መስሎ የታየው ወደ 94,788 ዶላር ይደርሳል ማለት ነው። በሁለተኛው ኮሌጅ ደግሞ 28,000 የመሰለው 33,422 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዋጋው ሲጨምር ስኮላርሺፑም አብሮ ይጨምራልን? የሚል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስኮላርሺፑ የሚታደስበት ሁኔታ ነው። አያሌ ኮሌጆች የተወሰነ አማካይ ነጥብ ያላመጣ ተማሪ ስጦታው እንዲቀርበት ይወስናሉ። ከቆላ ተነሥቶ በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ብርድና በሦስተኛ ቋንቋ ትምህርቱን ለሚጀምር ልጅ የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ 3.5 ነጥብ ከሚጠይቅ ትልቅ ስጦታ ይልቅ በ2.5 ወይም በማለፊያ ነጥብ ብቻ የሚታደስ አነስተኛ ስጦታ የበለጠ የሚታመንበት ጊዜ አለ።

፫ኛ፤ የክፍያው ወርና የከብት ገበያ

የአሜሪካ ኮሌጆች የዓመቱን ክፍያ ብዙውን ጊዜ በሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በነሐሴ ግማሹን በጥር ገደማ ይጠይቃሉ። ይህ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ልዩ ትርጉም የለውም። ሀብቱ በከብት ለሆነ ለቦረና፣ ለጉጂና ለገሪ ቤተሰብ ግን ትልቅ ትርጉም አለው።

በአገራችን ደቡብ ቆላ ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዋናው ጋና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ሲሆን፣ አነስተኛው ሐገያ የሚባለው በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር የሚቈየው ነው። ከሐገያ በኋላ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ቦና ነው፤ ሣሩ ይደርቃል፣ ከብቱ ይከሳል፣ የኤላው ውሃ በብዙ ድካም ይቀዳል። እህል ለመግዛት ብዙ ሰው ከብቱን ወደ ዱብሉቅ፣ ወደ ኤልወያና ወደ ሞያሌ ገበያ በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። የጥሩ ክፍያ የሚጠየቀው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። በጋና ማግሥት የሰባ በሬ የሚያወጣው ገንዘብ በቦና የከሳ በሬ ከሚያወጣው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ እኩል ሆነው የተጻፉት ሁለቱ ክፍያዎች በበረቱ ውስጥ እኩል አይደሉም።

ዝናሙ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከ2013 ሐገያ ጀምሮ እስከ 2015 ሐገያ ድረስ በተከታታይ አምስት የዝናም ወቅት ሳይሳካ ቀርቶ በኢትዮጵያ ደቡብና ምሥራቅ ቆላ በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አልቋል። ቡሳ ጎኖፋ የተባለው የቦረና ልማድ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው እንዲደግፈው ያደርጋል፤ የሁሉም ከብት ባለቀ ጊዜ ግን ሰጪው ራሱ ተቀባይ ይሆናል። እንግዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ክፍያ ለመክፈል መፈረም ማለት በአራት ዓመት ውስጥ የሚመጣውን ዝናም ሁሉ ዋስ መጥራት ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ቀሪው ትንሽ የሆነውን ኮሌጅ ቢመርጥ ፈሪ አይባልም።

መፍትሔ የሚሆን ነገር የለም አንልም። አያሌ ኮሌጆች ተማሪው ሲጠይቃቸው ክፍያውን በየወሩ ከፋፍለው ይቀበላሉ፤ ወይም አብዛኛውን በነሐሴ አስቀድሞ መክፈልን ይፈቅዳሉ። ከብቱን በሰኔና በሐምሌ፣ ሰውነቱ ሳይከሳ ሸጦ የዓመቱን መክፈል የቻለ ቤተሰብ በቦና ከመሸጥ ይድናል።

፬ኛ፤ የብርና የዶላር ነገር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በላይኛው ምሳሌ የጠቀስነው የ7,000 ዶላር ቀሪ በፊተኛው ዋጋ 399,000 ብር ነበር፤ በ100 ብር ቢሰላ 700,000 ብር ይሆናል። ኮሌጁ አንዲት ዶላር ሳይጨምር፣ ተማሪው አንዲት ነጥብ ሳይጐድልበት የቤተሰቡ ዕዳ በ301,000 ብር አደገ ማለት ነው። የ20,000 ዶላር ቀሪ ያለበት ደግሞ በዚሁ ስሌት ከ1,140,000 ወደ 2,000,000 ብር ይወጣል። ቀሪው በበዛ መጠን ምንዛሪው የሚያደርሰው ጉዳትም ይበዛል።

ከዚህ በላይ ከመሄጃው በፊት የሚወጡ ወጪዎች አሉ። የአሜሪካ የተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻው ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 185 ዶላር ሲሆን፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ደግሞ ለቪዛ ሌላ 250 ዶላር እንዲጨመር ደንግጓል። ከነገሌ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለቪዛው ቃለ መጠይቅ የሚደረገው መንገድም ወጪ ነው። ቪዛው ቢከለከል የማመልከቻው ገንዘብ አይመለስም።

፭ኛ፤ ቀሪ የሌላቸው ወይም ቀሪያቸው ያነሰ ስጦታዎች

ቀሪውን ሁሉ የሚሸፍኑ ኮሌጆች የሉም ማለት አይደለም። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.ና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪን የገንዘብ አቅሙን ሳይመለከቱ መርጠው ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ይሞላሉ። በእነዚህ ዘንድ ችግሩ መግባቱ እንጂ መክፈሉ አይደለም። በኬንተኪ ክፍለ አገር ያለው፣ በ1855 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከማናቸውም ተማሪ የትምህርት ዋጋ አይቀበልም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ በኮሌጁ ውስጥ ይሠራል። ስሙ በአገራችን ብዙ አይነገርም፤ ለቆላ ተማሪ ግን ከብዙ ስመ ጥር ኮሌጅ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

በመንግሥታት የሚሰጡትንም እንመልከት። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርቱን ዋጋ፣ መኝታን፣ የጤና መድኅንን፣ የወር አበልንና የመሄጃና የመመለሻ የአውሮፕላን ቲኬትን ይሸፍናል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ስላለ አራት ዓመት የተባለው አምስት ይሆናል። የሁንጋሪያ መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ስኮላርሺፕ ከትምህርት ዋጋ ነፃ ያደርጋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የነበረው የወር አበል ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ 43,700 ፎሪንት ሲሆን፣ መኝታ ወይም ለመኝታ የሚሆን 40,000 ፎሪንት ይጨመርበታል። ይህ አበል ለኑሮ መደገፊያ እንጂ ለኑሮ ሁሉ የሚበቃ አይደለም፤ የአውሮፕላንም ዋጋ የለበትም። እንግዲህ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል በሁለቱ አገሮች አንድ ትርጉም የለውም። አንደኛው በገንዘብ ሳይሆን በዕድሜ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው በየወሩ ጥቂት ያስጨምራል።

፮ኛ፤ የጎረቤት አገር ደብዳቤ

ሞያሌ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ በግምት እኩል ርቀት ላይ ያለች ከተማ ናት። ድንበሩ ከተማዋን ከሁለት ከፍሏታል፤ ቋንቋውና ጎሣው ግን በሁለቱም ወገን አንድ ነው። ስለዚህ የኬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሞያሌ ልጅ እንደ ባዕድ አገር አይታየውም። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ልጅ ቢታመም አባት በአውቶቡስ ይደርሳል። ይህ በደብዳቤ የማይጻፍ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ለማኅበረሰቡ ተማሪዎች ቅናሽ ቢያደርግ እንኳ የእኛ ወገን ልጅ በዚያ ቅናሽ አይገባም፤ በወዲያ ሞያሌ ያለው የአጎቱ ልጅ እንደ አገር ተወላጅ ሲከፍል እርሱ እንደ ውጭ አገር ሰው ይከፍላል። የተማሪ ፈቃድም ከኬንያ ኢሚግሬሽን ማውጣት ይኖርበታል። ዋጋውን ከአጎቱ ልጅ ጠይቆ የሚነሣ ተማሪ እንግዲህ ይሳሳታል።

መንገዱ ቀድሞ በተቃራኒው ይሄድ እንደ ነበረ ማስታወስም ደግ ነው። በ1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 ስኮላርሺፕ ሰጥተው ነበር። በዚህም ምክንያት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጡ። ያን ጊዜ ደብዳቤ ላኪዎቹ እኛ ነበርን።

፯ኛ፤ የአገር ቤት ደብዳቤ

የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲም በምርጫው ውስጥ እንደ አንድ ደብዳቤ መቈጠር አለበት። ዛሬ በያቤሎ ቦረና ዩኒቨርሲቲ፣ በቡሌ ሆራ፣ በሮቤ መደ ወላቡ፣ በዲላና በሐዋሳም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ተደርጓል። ይህ ለከብት አርቢ ቤተሰብ ያለው ጥቅም ግልጥ ነው፤ የዝናም መቅረት ተማሪውን ከክፍል አያስወጣውም።

ይህ በር ግን ለሁሉ ክፍት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተዋል። በአገር ቤት ያልተሳካለት ወጣት የመጣለትን የውጭ ደብዳቤ ሁሉ ለመቀበል ይቸኩላል፤ መቸኰሉም አያስወቅሰውም። ነገር ግን ተመልሶ በአገሩ ሊሠራ የሚያስብ ከሆነ ዲግሪው በአገራችን የሚታወቅ መሆኑን ከመነሣቱ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መጠየቅ ይገባዋል፤ የውጭ አገር ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው ይኸው መሥሪያ ቤት ነውና። ሕክምናንና ሕግን ለመሳሰሉ ሙያዎች ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል።

፰ኛ፤ መልስ ከመስጠት በፊት

በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሚያዝያ 23 ቀን ነው። ከመልሱ ጋር የሚላከው የመያዣ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመለስ ቪዛው ቢከለከል ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ችግራቸውን ለጻፉ ተማሪዎች መያዣውን የሚተዉ ኮሌጆች አሉ። እንደዚሁም አንዱ ኮሌጅ የሰጠውን ለሌላው በትሕትና ገልጦ ርዳታው እንዲጨመር መለመን ነውር አይደለም። ቢበዛ አይሆንም ይሉ ይሆናል እንጂ የሰጡትን አይነሡም። መግቢያውን በአንድ ዓመት ማስተላለፍም በብዙ ቦታ ይፈቀዳል። የሚሰጠው መልስ ሁሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ የተነገረ ተስፋ በጥር ወር ምስክር የለውም።

መደምደሚያ

እነዚህን ሁሉ ከመረመርን በኋላ የኮሌጅ ስም ዋጋ የለውም ለማለት አንደፍርም። ጥሩ መምህርና ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ያለው ኮሌጅ የሚሰጠው ጥቅም ለዕድሜ ልክ ነው። ነገር ግን ሳይመረቁ የተመለሱበት ኮሌጅ፣ ስሙ ምንም ቢታወቅ፣ ዲግሪ አይሰጥም። ስለዚህ በመጀመሪያ እስከ ምረቃ ሊያደርሱ የሚችሉት ደብዳቤዎች ይለዩ፤ ስምና ማዕርግ ከእነዚያ መካከል ይመረጥ።

ይህን የምንጽፈው ለዚህ ኮሌጅ ተማሪዎችና መምህራን መሆኑን አልዘነጋንም። እኛ ምርጫችንን አድርገን ገብተናል። ሆኖም ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ የታናናሾቻችን ደብዳቤ ወደ እኛ ይመጣል፤ እንግሊዝኛ ያውቃሉ ተብለን በሽማግሎች ፊት እንቀመጣለን። መምህራኖቻችንም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉ ይለመናሉ። በዚያን ጊዜ አንድ ወረቀት ወስደን መካከሉን በመሥመር እንክፈለው፤ በአንድ ወገን ስጦታውን፣ በሌላው ወገን ቀሪውን፣ ከቀሪውም አጠገብ የሚከፈልበትን ወርና በዚያ ወር ስንት ከብት ሊሸጥ እንደሚችል እንጻፍ። ከዚያም ሁለቱንም ወገን በእኩል ድምፅ እናንብብ። ጓደኛችን ዛሬ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጥሏል፤ ያለፈው ዓመትና ያለቀው ከብት ግን አልተመለሱም። ያን ቀን ሁለተኛውን ወገን አንብበንላቸው ቢሆን ኖሮ ሽማግሎቹ የትኛውን ደብዳቤ እንደሚመርጡ ያውቁ ነበር ብለን እናምናለን።

በጽሑፋችን ስሕተት ያገኙ አንባቢዎች ቢያርሙን፣ ከሌላም አውራጃ የመጡ ጓደኞቻችን የየአገራቸውን ሁኔታ ቢጨምሩበት ደስ ይለናል።